ማዳመጥ ያስተማሩን የአሶሳው ኡስታዝ

መምህር አልነዒም ኢድሪስ ከዚህ ዓለም ተለይተውናል። እኔ የሰማሁት ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሸርቆሌ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ስድስተኛ ክፍልን ሳስተምር ነው። ስልኬ ጠራ፤ ባምባሲ የሚያስተምረው ጓደኛዬ መምህር ደረጀ ነበር። ድምፁ እየተቆራረጠ «ኡስታዝ ሄዱ» አለኝና መስመሩ ጠፋ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ሮጥኩ። በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት መንኩሽ ሥልጠና ሊሰጡ ሲሰናዱ መሰንበታቸውን አውቅ ስለነበር፣ ሐኪም ከልክሏቸው ሳለ መንገድ የጀመሩ መስሎኝ እየወጣሁ ተናደድኩባቸው። ጉብታው ላይ ደርሼ መልሼ ስደውልለት ደረጀ ያለቅሳል። ያን ጊዜ የት እንደሄዱ ገባኝ።

ይህን የምጽፈው ለምናውቃቸው ሁሉ ነው። በየክረምቱ ሥልጠናቸው ላይ ለተቀመጥን መምህራን፣ ለተማሪዎቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው፣ ስማቸውን ሰምተው ሳያገኟቸው ለቀሩም ጭምር። «ኡስታዝ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የበርታ ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ በአረብኛ መምህር ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ወሎዬውም ጎጃሜውም፣ ሺናሻውም ጉሙዙም ኡስታዝ ይላቸው ጀመር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐዋ ሳይቀሩ በዚሁ ስም ነበር የሚጠሯቸው።

መምህር አልነዒም የተወለዱት መንጌ አካባቢ ነው። ሲቀጠሩ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ እንጂ ስለ ሙዚቃ የተማሩት ነገር አልነበረም። ወደዚህ ሥራ ያስገባቸውን ነገር በየሥልጠናው መክፈቻ ላይ ይነግሩን ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ እንግዳ ክፍላቸው ገብቶ አንዲትን ልጅ «በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ምን ትማራላችሁ?» ይላታል። ልጅቷ ቀልጠፍ ብላ ተነሥታ «ግቢ እንጠርጋለን» ትላለች። እንግዳውም ተማሪውም በሳቅ ይፈርሳል።

«እኔ አልሳቅኩም» ይሉ ነበር ኡስታዝ። «ልጅቷ አልቀለደችም። መጥረጊያውን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲማሩ ኖሩ። ከገበያ ቀን በኋላ ከሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣሉ፤ ከሰፋሪዎች መንደር ሠርግ አይቀሩም፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲለማመዱ ከአጥር ውጭ ቆመው ሲያዳምጡ ብዙ ሰው አይቷቸዋል። የሰሙትን ወረቀት ላይ አያሰፍሩም። ሪፖርት መጻፍም አይሆንላቸውም ነበርና የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች በዚህ ሲማረሩባቸው ኖረዋል፤ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። በኋላ ግን ያው ጽሕፈት ቤት በየክረምቱ የአሥር ቀን ሥልጠና እንዲሰጡ ፈቀደላቸው። ሠልጣኞቹ እንደ እኔ ያሉ ነን። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ፣ እንደምታውቁት፣ ጭነቱ ለጎደለበት መምህር የሚሰጥ ማሟያ ነው። እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜዬ ስላልሞላ አራት የሙዚቃ ክፍሎች ተጨመሩልኝና ወደ ሥልጠናው ተላክሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም መምሪያውን ከፍተን፣ እስክሪብቶ አዘጋጅተን ጠበቅናቸው። ገቡና ዞር ዞር ብለው አዩን። «መጽሐፉን ዝጉት» አሉ። «አይሸሽም።»

አማርኛቸው የራሳቸው ነበር። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ወጣት መምህራን ሲሳሳቁ ሰሟቸው፤ አልተቆጡም። «አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋዬ ነው» አሏቸው። «እንግዳ ሰው፣ ቤት ውስጥ ዕቃው ሁሉ የት እንደተቀመጠ አያውቅም። ታገሡኝ።» በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺ» ብለውኝ፣ ለማን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ቀን ላይ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። ሠላሳ የምንሆን መምህራን ቆመን አንድ ድምፅ ይዘን እንድናዜም አዘዙን። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ አፌን ከፍቼ እንደ ሌላው ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ የምሠራው፣ ማንም ነቅቶብኝ የማያውቅ ሥራ ነበር። ሁላችንም ስንጨርስ ኡስታዝ ሳይዞሩ «አንተ አልዘመርክም» አሉ።

ከጎኔ የቆመው ወንድ መምህር ደንግጦ «እኔ? ኧረ ዘምሬአለሁ!» አለ።

«አንተ አይደለህም።» ዞሩና ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሱ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሠላሳ ሰው ድምፅ ውስጥ፣ በዚያ ዝናብ፣ የጎደለውን አንድ ድምፅ ከነቦታው ለይተውታል። ያለውን ድምፅ መስማት ለማንም ይቻላል። የሌለውን ድምፅ የሚሰማ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

በእረፍት ሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ጠሩኝ።

«ማን ነው ዝም በል ያለህ?» አሉኝ።

ያለኝ ሰው መኖሩን እንዴት እንዳወቁ ግራ ገባኝ። ነገርኳቸው። የተወለድኩት ወላጆቼ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው በሰፈሩበት መንደር ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች በዓል መዝሙር ስንለማመድ መምህራችን ከሰልፉ መሐል ለዩኝና «ዘይነባ፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አሉኝ። እኔም እንደተባልኩት አደረግሁ።

«ስንት ዓመት ሆነ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዛዥ ልጅ ነህ። አሁን እኔ ደግሞ መምህርህ ነኝ። ትእዛዙን ሽሬዋለሁ።»

ከዚያ እናቴ ከማሳው ማዶ ስትሆን እንዴት እንደምጠራት ጠየቁኝ። አፈርኩ፤ ግን በመንደራችን እንደለመድነው «እማዬ! ኧረ እማዬ!» ብዬ ተጣራሁ። እግራቸው ሥር የተከመሩ የቀርከሃ ቱቦዎች ነበሩ። ጎንበስ ብለው ከሥር አንዱን መዘዙና ነፉት። የእኔ ጥሪ ያረፈበት ድምፅ ራሱ ነበር። ሌላ አልሞከሩም፤ አልመረጡም፤ ያንኑ አንዱን ነው ያነሡት። ሰጡኝና «ይሄ ያንተ ነው» አሉ። «አንድ ድምፅ ነው። ይበቃል።»

በርታ አገር ለኖረ ሰው ይህ ንግግር እንግዳ አይደለም። ዙምባራ የሚባለውን ረጅም መለከት የሚነፉ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። ዜማው የሚወጣው አንዱ ሲነፋ ሌላው ጠብቆ፣ ተራው ሲደርስ የራሱን ጥሎ፣ እንዲህ ተቀባብለው ነው። የአባቶች ዙምባራ የሚወጣበት ወቅት አለውና ኡስታዝ ለሥልጠና አይነኩትም ነበር። «እሱን ያለጊዜው አናስቸግረውም» ይላሉ። የአሠራሩን ጥበብ ብቻ ተውሰው፣ ቀርከሃ በመጋዝ እየቆረጡ፣ በጆሯቸው እየለኩ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ያድሉናል። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ የተበታተነ ፉጨት በድንገት ተገጣጥሞ ዜማ ሲሆን፣ ሁላችንም በድንጋጤ መንፋታችንን አቆምን። ማናችን እንደሠራነው አላወቅንም። ኡስታዝ እንደ ልጅ እየሳቁ «ምን አቆማችሁ? እናንተ ናችሁ እኮ!» አሉን።

ሥልጠና ሰጥተው የሚረሱ ሰው አልነበሩም። በዚያው ዓመት በጋ ላይ በሚኒባስ ሸርቆሌ መጡ፤ በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በሌላው መጋዝ ይዘው ወረዱ። በእኛ በኩል ቀርከሃ በቅርብ ስለማይገኝ፣ ከውኃ ሥራ የተረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መጣሉን ነግሬያቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ሲቆርጡና ሲሞርዱ ዋሉ። ርዕሰ መምህራችን የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ እንዲሆን ወስነው ነበርና ይህን አስረድተው ይቅርታ ጠየቋቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ ኡስታዝ። «ዛሬም ሒሳብ ነው። ይቀመጡና ይዩ።»

ልጆቹን በሁለት ረድፍ ከፈሏቸው። አንደኛው ረድፍ በየሦስት ምቱ አንድ ጊዜ ይነፋል፤ ሁለተኛው በየአራት ምቱ። ለርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ሁለቱ አብረው ሲነፉ እጅዎን ያንሡ» አሏቸው። ርዕሰ መምህሩ እየቆጠሩ ጠበቁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሁለቱ ረድፎች ገጠሙና እጃቸውን አነሡ። እንደገና አሥራ ሁለተኛው ላይ። እንደገና። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አያለሁ። ለሁለት ሳምንት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማርኩትን፣ ግማሹ ክፍል ያልገባውን ትንሹን የጋራ ብዜት፣ ልጆቹ በትንፋሻቸው እየሠሩት ነው። አንዲት ልጅ ብድግ ብላ «ቲቸር! ቲቸር! አሥራ ሁለት!» ብላ ጮኸች። ርዕሰ መምህራችን ከዚያ ወዲያ ክፍለ ጊዜውን አልነኩም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር እንድጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ባለታሪኩ መምህር ደረጀ ነው። «እሱን ካልጻፍሽ ስለ ኡስታዝ ምንም አልጻፍሽም» ብሎኛል።

ደረጀ ድባጤ ያስተምር ነበር። እዚያ የደረሰውን እልቂት ሁላችንም እናውቃለን፤ መድገም አያስፈልገኝም። ቤቱን እንዳለ ትቶ ወጣ። በዘፈን ቡድን ያደራጃቸው ተማሪዎቹ ወዴት እንደተበተኑ፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አያውቅም ነበር። ባምባሲ ተመደበና በቀጣዩ ክረምት አሶሳ ወደ ሥልጠናው ተላከ። ኡስታዝ እንደ ሁላችን ቀርከሃ ሰጡት። ተቀበለና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ተራው ሲደርስ አልነፋም። አንድም ቀን አልነፋም። ዜማው እሱ ጋ ሲደርስ ስንጥቅ ይላል፤ ከዚያ ቀጣዩ ሰው ያነሣዋል። እኛ ተሳቀቅን። እሱ ግን ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

የመዝጊያው ዕለት እንግዶች ስለሚመጡ የሥልጠናው አስተባባሪ በስምንተኛው ቀን ተጨነቀ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት መናገር ከብዶት ኡስታዝን ወደ በረንዳው አወጣቸው፤ እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ፤ በዚያን ጊዜ ከጎበዞቹ አንዷ ነኝ ብዬ አስብ ነበርና «ኡስታዝ፣ ሁለቱን እኔ እነፋለሁ፤ አያስቸግረኝም» አልኳቸው።

«ቀርከሃው የደረጀ ነው» አሉ። «አንተ የራስህን ንፋ። የሰው ቦታ በሌላ ሰው ትንፋሽ አይደፈንም።»

አስተባባሪው «ታዲያ እንግዶቹ ስህተት ነው ብለው ቢያስቡስ?» አለ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

የመዝጊያው ቀን አዳራሹ ሞላ። ዜማውን ጀመርን። ደረጀ በመሐላችን ቀርከሃውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ቦታው ሲደርስ ጸጥ አለ፤ እኛ ቀጠልን። ሁለተኛው ዙር ላይ እንደገና ጸጥ ሲል ከፊት ረድፍ አንዱ እንግዳ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ተሳሳቱ እንዴ?» ሲል ሁላችንም ሰማነው። ኡስታዝ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። ወደ አዳራሹ ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አልተሳሳትንም» አሉ። «አንድ ወንድማችን እየመጣ ነው። ቦታውን ይዘንለታል።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ከመጀመሪያው አስጀመሩን። ሦስተኛውን ዙር ስንጫወት ያ ባዶ ቦታ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር። እንግዶቹም እንደ እኛ ይጠብቁ ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ደረጀ በዚያን ቀንም አልነፋም። ሲወጣ ግን ቀርከሃውን አልመለሰም፤ በጃኬቱ ውስጥ ይዞት ሄደ። ኡስታዝም እያዩት አሳለፉት።

በቀጣዩ ክረምት ማንም ሳይልከው በራሱ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ ገና ስንለማመድ፣ ተራው ሲደርስ ነፋ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነው የወጣው። ልናጨበጭብ ስንል ኡስታዝ በእጃቸው ከለከሉን። «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» አሉ፤ ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ መልሰው ነበር። በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ «ባይመጣስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ባዶውን ቦታ ጥሩ አድርገን እንጫወተው ነበር» አሉኝ።

ደረጀ ዛሬ ባምባሲ ውስጥ ልጆቻቸውን እሱ ክፍል ለማስገባት ወላጆች የሚለማመጡት መምህር ነው። ከተበተኑት የድባጤ ተማሪዎቹ ሁለቱን አግኝቷቸዋል፤ ሌሎቹን አሁንም እየጠየቀ ነው።

ኡስታዝን የጣላቸው የቆየ የስኳር ሕመም ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ሳያቸው እግራቸው አብጦ ትራስ ላይ ተሰቅሏል፤ እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ መንኩሽ ነበር። «እዚያ ሙቀቱ ከባድ ነው» አሉኝ። «መምህራኑን ከሰዓት በኋላ አታድክማቸው፤ በጠዋት ጀምርና በጊዜ ልቀቃቸው። ውኃ አይጉደል።» እርስዎ ሲሻልዎት ይሄዳሉ አልኳቸው። ሠልጣኞቹ ስንት እንደሆኑ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመጡ ደጋግመው አስነገሩኝ። አንድም ጊዜ ስለ ሕመማቸው አላነሡም። ስወጣ ግን ለብቻዬ የሚሆን አንድ ነገር ነገሩኝ። «መምህር የማያውቀውን ማስተማር ይችላል፤ አብሮ ይማረዋል። የማያዳምጠውን ልጅ ግን ማስተማር አይችልም።»

የተቀበሩ ዕለት አሶሳ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ትንሽ ቀደም ብዬ ነው። ወንዶቹ ጀናዛውን ተሸክመው ሲወጡ ከሴቶቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከኩርሙክ የመጣ አለ፤ ከካማሺ የመጣ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመስጊዱ ማዶ ቆመዋል። ወይዘሮ ሐዋ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና «አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ‹ዝም በይ› ብሎኝ አያውቅም» አሉኝ። ከዚያ በእንባቸው መሐል ፈገግ አሉ። «እኔ ደግሞ ብዙ ነው የማወራው።»

ከሳምንት በኋላ እኔና ደረጀ መንኩሽ ሄድን። ሥልጠናው አልተሰረዘም። በጠዋት ጀመርን፤ በጊዜ ለቀቅናቸው።

ኡስታዝ፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር። በሕይወት ሳሉ ማመስገን ነበረብኝ፤ በየዓመቱ ‹በመጪው ክረምት እነግራቸዋለሁ› እያልኩ አሳለፍኩት። ክረምት የማያልቅ መስሎኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፤ በብርሃን ይሙላልዎ። ወይዘሮ ሐዋን ብቻቸውን አንተዋቸውም፤ እኔም ደረጀም፣ በየወረዳው ያሉት ልጆችዎም አለን። ከመንኩሽ ስመለስ ወደ ክፍሌ ገባሁ። እዚህ ካለው የስደተኞች መጠለያ የሚመጡ ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ዘንድሮ የተመዘገቡ፣ አማርኛ ገና ያልያዙ። ትናንት ወደ ፊት ወጡና ጭራሽ በማላውቀው ቋንቋ አንድ መዝሙር ዘመሩልን። እኔ ተማሪዎቹ መሐል፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቃል አልገባኝም። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፤ አልያዝኩትም። ነገ እንደገና ሊያስተምሩኝ ቀጥረውኛል። ደህና ይሁኑ፣ ኡስታዝ።